ስኳርን በኃይለኛ ካሎሪ አልባ አጣፋጭ መተካት፦ የትኛው ለየትኛው ሥራ ይሻላል?

ስኳርን ለመተው ወይም ለመቀነስ የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው አጣፋጭ እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ስኳሩ እስከ ዛሬ በዚያ ምግብ ወይም መጠጥ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራ ነበር የሚለው ነው። በሻይ ውስጥ የሚገባ ስኳር ከማጣፈጥ በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም፤ በኬክ ውስጥ የሚገባው ግን ብዙ ሥራ ስላለው ማጣፈጥ ከሥራዎቹ አንዱ ብቻ ይሆናል። ጥቂት ጠብታቸው አንድ ማንኪያ ስኳር የሚተካ ኃይለኛ አጣፋጮች ይዘው የሚመጡት ጣፋጭነትን ብቻ ስለሆነ፣ አጥጋቢ ውጤት የሚሰጡት ጣፋጭነት ብቻ በሚፈለግበት ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፍ አማራጮቹን የማነጻጽረው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቼ ነው።

ስኳር ከማጣፈጥ ሌላ የሚሠራው

አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ በእያንዳንዱ ማንኪያ 16 ኪሎ ካሎሪ ይገባል ማለት ነው። በቀን አምስት ስኒ ሻይ ወይም ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ከዚህ ብቻ 40 ግራም ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ነፃ ስኳር የሚባለው፣ ማለትም ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመረው እንዲሁም በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለው፣ ከዕለቱ ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም 25 ግራም ገደማ፣ ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው ገልጿል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ሰው ምግቡን ሳይነካ መጠጡን ብቻ ቢያስተካክል ትልቅ ለውጥ ያገኛል፤ ኃይለኛ አጣፋጭ ዋጋው ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ቦታ ነው።

በምድጃ የሚጋገር ነገር ላይ ሁኔታው ፈጽሞ የተለየ ነው። ስኳር ከቅቤ ጋር ሲመታ በቅቤው ውስጥ አየር እንዲያዝ ስለሚረዳ ኬኩ ይነፋል፤ ውኃን ወደ ራሱ ስለሚስብ ኬኩ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ የዱቄቱ ፕሮቲን ጠንካራ መረብ እንዳይሠራ ስለሚያለዝብም ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። የብስኩት ቡናማ መልክና መዓዛ ከሞላ ጎደል የስኳር ሥራ ነው። በማርማላታ ውስጥ ስኳሩ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለጣዕም ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ውኃውን አስሮ ስለሚይዝ ሻጋታና ሌሎች ተህዋስያን እንዳይራቡበት ይከላከላል። በአይስክሬም ውስጥ ደግሞ ውኃው በረዶ የሚሆንበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ ማንኪያ የሚበሳው ለስላሳ ነገር ይገኛል። 200 ግራም ስኳር የሚፈልግ የኬክ አሠራር ውስጥ ስኳሩን አውጥቶ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ፈሳሽ አጣፋጭ የሚጨምር ሰው፣ ጣፋጭነቱን ቢያገኘውም 200 ግራም የሚመዝነውን አካል አጥቷል፤ የሚወጣለትም ዝቅ ያለ፣ የነጣና ጎማ የሚመስል ነገር ነው። ጥፋቱ የአጣፋጩ ጥራት ማነስ አይደለምና የምርት ስም በመለዋወጥ አይስተካከልም።

ጠብታ፣ እንክብልና ዱቄት

ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ በእኔ አመለካከት ግን ከአጣፋጩ ስም ያልተናነሰ ክብደት ያለው ጉዳይ አጣፋጩ የቀረበበት መልክ ነው። ለምሳሌ ሱክራሎዝ የተባለው ኃይለኛ አጣፋጭ ንጹሑ ከስኳር 600 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚተካው 7 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ቆንጥሮም ሆነ በማንኪያ ለክቶ መጠቀም ስለማይቻል፣ አምራቾች ወይ በፈሳሽ ያሟሙታል፣ ወይ ጨምቀው እንክብል ያደርጉታል፣ ወይም መጠኑን ከፍ ከሚያደርግ ሌላ ዱቄት ጋር ይደባልቁታል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በአንድ ግራም እሽግ የሚቀርበው ዱቄት አብዛኛው አካሉ ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን ነው። ሁለቱም በግራም 4 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጡ፣ በሰውነት ውስጥም በፍጥነት ወደ ደም ግሉኮስነት የሚለወጡ ካርቦሃይድሬቶች ናቸው። ታዲያ እንዴት ዜሮ ካሎሪ ተብሎ ይጻፍበታል ቢባል፣ ለምሳሌ የአሜሪካ ደንብ በአንድ ጊዜ መጠኑ ከ5 ኪሎ ካሎሪ በታች የሚሰጥን ምርት ዜሮ ብሎ ማስፈር ስለሚፈቅድ ነው። በቀን አንድ ሁለት እሽግ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን እንደ ስኳር በኩባያ እየተሰፈረ እንዲሠራበት የተዘጋጀው የሱክራሎዝ ዱቄት በአንድ ኩባያ ወደ 100 የሚጠጋ ኪሎ ካሎሪ አለው። አንድ ኩባያ ስኳር 770 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ ቅናሹ አሁንም ትልቅ ነው፤ ሆኖም ዜሮ አይደለም፤ የሚበላውን ካርቦሃይድሬት ቆጥሮ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም ይህን በሂሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ፈሳሹ ጠብታ ይህ ጣጣ የለበትም። ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው ውኃ፣ አጣፋጩና እንደ ሶዲየም ቤንዞኤት ወይም ፖታሲየም ሶርቤት ያለ የብልሽት መከላከያ ነው፤ አንዳንዱ በአልኮል ወይም በግሊሰሪን የሚዘጋጅ ስለሆነ ይህን የሚሸሽ ሰው የይዘት ዝርዝሩን ማንበብ ይኖርበታል። ፈሳሹ በቀዝቃዛ መጠጥም ወዲያውኑ ይዋሃዳል፤ መጠኑንም በአንድ ጠብታ ልዩነት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እንክብል በበኩሉ ለኪስ የሚመች ከመሆኑም በላይ መጠኑ አስቀድሞ የተለካ ነው፤ ድክመቱ ግማሹን መውሰድ አስቸጋሪ መሆኑና ከትኩስ መጠጥ ውጭ ብዙ የማያገለግል መሆኑ ነው።

ኤሪትሪቶል ከተባለ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ስቴቪያ ወይም መንክ ፍሩት (ሁለቱም ከእጽዋት የሚወጡ ኃይለኛ አጣፋጮች ናቸው) ሌላው አማራጭ ነው። ኤሪትሪቶል ከስኳር 60 እስከ 70 በመቶ የሚሆን ጣፋጭነት ያለው፣ በግራም 0.2 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ የሚሰጥና የደም ስኳርን የማያነሣ ሙሊት፣ ማለትም የስኳርን ቦታ በመጠን የሚሞላ ነገር ነው፤ አፍ ውስጥ ሲሟሟ ግን የመቀዝቀዝ ስሜት ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከተወሰደም ሆድ ሊያውክ ይችላል። ድብልቁ ማልቲቶል በተባለ ሌላ ሙሊት የተሞላ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል፤ ማልቲቶል የደም ስኳርን ከስኳር ባነሰ መጠን ቢሆንም ያነሣል፣ ካሎሪውም ከስኳር ግማሽ ገደማ ይደርሳል።

እንግዲህ ለመጠጥ፣ ለእርጎ፣ ለገንፎና ለመሳሰለው የዕለት ጥቅም ፈሳሹን ጠብታ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድማለሁ። የተነገረው ዜሮ በእርግጥ ዜሮ የሚሆነውም በዚህ መልክ ሲቀርብ ነው።

አጣፋጮቹ ራሳቸው

ሱክራሎዝ እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን ኩዊን ኤልሳቤጥ ኮሌጅ ከቴት ኤንድ ላይል ኩባንያ ጋር ይሠሩ በነበሩ ተመራማሪዎች የተገኘ ነው። የሚሠራው ከስኳር ሲሆን፣ በስኳሩ ሞለኪውል ላይ ያሉ ሦስት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች በክሎሪን አቶሞች ይተካሉ፤ በዚህ ምክንያት ሰውነት አብዛኛውን ሳይፈጭ ያስወጣዋል። ጣዕሙ ለስኳር ከሚቀርቡት አንዱ ነው፤ ምሬቱ ጥቂት ነው፤ በብዛት ሲጨመር ግን ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ከሚገባው በላይ ይቆያል። በአሲዳማ መጠጥ ውስጥም ሆነ በመፍላት ሙቀት ጣፋጭነቱን አያጣም። ከፍተኛ ደረቅ ሙቀትን በተመለከተ ግን የጀርመን የፌዴራል የአደጋ ምዘና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አስተያየት ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ጎጂ ሊሆኑ የሚችሉ ክሎሪን ያዘሉ ውህዶች ሊፈጠሩ እንደሚችሉ አመልክቶ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ምግቡ ከበሰለ በኋላ መጨመሩን መክሯል። ይህን ምክር መከተል ምንም የማያስከፍል በመሆኑ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ሱክራሎዝ ለመጠጥና ከምድጃ ለወረደ ምግብ ይሁን።

ስቴቪያ ከፓራጓይና ከብራዚል አካባቢ ከሚበቅል ቅጠል የሚወጣ ነው። የጓራኒ ሕዝብ ቅጠሉን ለማጣፈጫነት ለረጅም ዘመን ሲጠቀምበት ኖሯል፤ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ደግሞ በፓራጓይ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሞይሴስ ቤርቶኒ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899። ዛሬ ለምግብ የተፈቀደው ተጣርቶ ቢያንስ 95 በመቶ ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ፣ ማለትም የቅጠሉ ጣፋጭ ንጥረ ነገሮች የሆነው ክፍል ነው፤ ጣፋጭነቱ ከስኳር ከ200 እስከ 300 ጊዜ ይበልጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከእነዚህ አንዱ ለሆነው ለተጣራው ሬባውዲዮሳይድ ኤ እ.ኤ.አ. በ2008 ተቃውሞ እንደሌለው አስታውቋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 መጨረሻ ፈቅዷል። ከእጽዋት የተገኘ መሆኑ ብዙ ሰው ይማርካል፤ ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ምንጭ መኖሩ ብቻውን የደኅንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፣ ደኅንነቱ የታመነው በጥናት ስለ ተፈተነ ነው። ጣፋጭነቱ ዘግይቶ ይጀምርና ዘግይቶ ይለቃል፤ ሲበዛም መጨረሻው ላይ ምሬት ያመጣል። ይህ ምሬት በዋናነት ስቴቪዮሳይድ ከሚባለው ክፍል የሚመጣ ስለሆነ ሬባውዲዮሳይድ ኤ የበዛበት ይሻላል፤ ሬባውዲዮሳይድ ኤም ወይም ዲ የሚል የተጻፈበት ከተገኘ ደግሞ ጣዕሙ ለስኳር ይበልጥ የቀረበ ነው። የተለመደውን የምግብ ማብሰያ ሙቀት ይችላል።

መንክ ፍሩት በደቡብ ቻይና የሚበቅል ሉኦ ሃን ጉኦ የተባለ ፍሬ ነው። አጣፋጩ ሞግሮሳይድ ይባላል፤ እንደ ንጽሕናው ከስኳር ከ100 እስከ 250 ጊዜ ይጣፍጣል፤ ከስቴቪያ ያነሰ ምሬት አለው። ከኤሪትሪቶል ጋር ተደባልቆ የሚቀርበው ብዙ ስለሆነ ንጹሑን የሚፈልግ ሰው ማሸጊያውን በጥንቃቄ ሊያነብ ይገባል።

አስፓርቴም እ.ኤ.አ. በ1965 ጄምስ ሽላተር በሚባል ኬሚስት ተገኘ። አስፓርቲክ አሲድና ፌኒልአላኒን ከተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች የተገነባ ሲሆን ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። ጣዕሙ ንጹሕና ለስኳር የቀረበ ነው። ትልቁ ድክመቱ ሙቀት የማይችል መሆኑ ነው፤ ሲፈላ ወይም ሲጋገር ይፈራርስና ጣፋጭነቱን ያጣል፣ በፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥም ቀስ በቀስ ይዳከማል። ስለዚህ በጠብታ መልክ እምብዛም አይገኝም፤ ቦታው እንክብል፣ እሽግ ዱቄትና ፋብሪካ የሚያዘጋጀው መጠጥ ነው።

አሲሰልፌም ኬ እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ሄክስት ኩባንያ የተገኘ ሲሆን እርሱም 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። ሙቀት ይችላል፣ ብቻውን ግን ይመርራል። ከአስፓርቴም ወይም ከሱክራሎዝ ጋር ሲቀላቀል የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈናል፤ የድብልቁም ጣፋጭነት ከየብቻቸው ድምር ይበልጣል። በማሸጊያ ላይ ሁለትና ሦስት አጣፋጮች አብረው ተጽፈው የሚታዩት ለዚህ ነው።

ሳካሪን ከሁሉም ቀዳሚው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ኮንስታንቲን ፋልበርግ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በአይራ ሬምሰን ቤተ ሙከራ ሲሠራ አገኘው። ከስኳር ከ300 እስከ 400 ጊዜ ይጣፍጣል፤ ሙቀትም ይችላል። የብረት የሚመስል ምሬቱ ግን ብዙዎችን ያሸሻል። ሳይክላሜት ከ30 እስከ 40 ጊዜ ብቻ ስለሚጣፍጥ ከኃይለኞቹ ሁሉ ደካማው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አሥር እጅ ሳይክላሜት ከአንድ እጅ ሳካሪን ጋር ተደባልቆ ይቀርባል፣ የሳካሪኑም ምሬት በዚህ ይለዝባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 ገደማ ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን በአውሮፓ ኅብረትና በሌሎች ብዙ አገሮች የተፈቀደ ነው። ኒዮቴምና አድቫንቴም የሚባሉት በሺዎች እጥፍ የሚጣፍጡ በመሆናቸው የፋብሪካ እንጂ የቤት ዕቃ አይደሉም።

የጣዕም ምርጫን በሚመለከት የሌላ ሰው ምስክርነት ብዙ አይረዳም። በተለይ የሳካሪንና የአሲሰልፌም ኬ ምሬት የሚሰማቸው የምላስ ተቀባዮች ከሰው ሰው በዘር የሚለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሚያማርረውን ሌላው ጨርሶ ላይቀምሰው ይችላል። ስለዚህ አነስተኛ ጠርሙስ ገዝቶ በራስ ምላስ መፈተኑ ተገቢ ነው።

በማሸጊያ ላይ በስም ፋንታ ቁጥር ተጽፎ ቢገኝ፣ ኢ 950 አሲሰልፌም ኬ፣ ኢ 951 አስፓርቴም፣ ኢ 952 ሳይክላሜት፣ ኢ 954 ሳካሪን፣ ኢ 955 ሱክራሎዝ፣ ኢ 960 ስቴቪያ ነው።

መጠኑን መለካት

ስኳር የለመደ እጅ ኃይለኛ አጣፋጭ ሲይዝ የሚሳሳተው ሁልጊዜ ወደ መብዛቱ ነው፤ ብዙ ሰዎችም የመጀመሪያ ሙከራቸው መራራ ሆኖባቸው ሁለተኛ ሳይሞክሩት ይቀራሉ። መብዛቱን የሚያባብሰው ሌላ ነገርም አለ። 200 ጊዜ ወይም 600 ጊዜ የሚባለው ንጽጽር የተለካው ከቀላል የስኳር ውኃ ጋር ነው፤ መጠጡ ይበልጥ እንዲጣፍጥ በተፈለገ ቁጥር የአጣፋጩ ኃይል እየተዳከመ ይሄዳል፣ ምሬቱ ግን እየጨመረ ይመጣል። በጣም ጣፋጭ ነገር በአንድ ኃይለኛ አጣፋጭ ብቻ መሥራት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ንጹሑን ዱቄት የሚገዛ ሰው፣ አንዴ የተገዛው ለብዙ ጊዜ የሚበቃ በመሆኑ ይህን የሚመርጥ አለ፣ ራሱ ፈሳሽ አድርጎ ቢያዘጋጀው ከስሕተት ይድናል። ለምሳሌ 1 ግራም ንጹሕ ሱክራሎዝ በ100 ሚሊ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ቢሟሟ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ይኖራል፤ ይህም 6 ግራም ስኳርን ይተካል። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ገደማ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ለመተካት 13 ጠብታ ያህል ይበቃል። ስቴቪያን በዚያው አሠራር ለሚያዘጋጅ፣ 250 ጊዜ ይጣፍጣል ብንል፣ ለአንድ ማንኪያ ስኳር 16 ሚሊ ግራም ስለሚያስፈልግ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ተኩል ቢሟሟ የጠብታው ቁጥር ተመሳሳይ ይሆናል። አንድ ግራም በአንድ ግራም የሚቆጥር የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይበቃም፤ የግራምን አንድ መቶኛ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። በቤት የተዘጋጀው ፈሳሽ የብልሽት መከላከያ ስለሌለው በጥቂቱ እየተዘጋጀ በማቀዝቀዣ መቀመጥና ቶሎ ማለቅ ይኖርበታል። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደያዘና የተዘጋጀበት ቀን ይጻፍበት፤ ውኃ የሚመስል ነገር በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ጥፋት ያመጣልና።

ተገዝቶ የሚመጣው ጠብታ ግን ከምርት ምርት በጥንካሬው ይለያያል፤ አንዱ በሦስት ጠብታ የሚሠራውን ሌላው በአሥር ሊሠራ ይችላል። በአዲስ ጠርሙስ ከተነገረው መጠን ግማሹን አስገብቶ መቅመስ፣ ከዚያም በጠብታ በጠብታ መጨመር የተሻለ ነው። መቅመሱም የሚጠጣበት ሙቀት ላይ ይሁን፤ ትኩስ እያለ የተመጠነ መጠጥ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይለወጣል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው

ለሻይ፣ ለቡናና ለቀዝቃዛ መጠጥ የሱክራሎዝ ወይም የሬባውዲዮሳይድ ኤ ጠብታ በቂ ነው፤ ሎሚ የገባበት ወይም ወተት ያለበት መጠጥ የስቴቪያን ምሬት በተወሰነ ደረጃ ስለሚሸፍን ስቴቪያን የሚመርጥ ሰው ከእነዚህ ቢጀምር ይቀለዋል። ለሾርባ፣ ለስጎና ለተቀቀለ ፍራፍሬ ማንኛውም ሙቀት የሚችል አጣፋጭ ይሆናል፤ ሆኖም ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢጨመር መጠኑን እየቀመሱ ማስተካከል ይቻላል።

ለኬክና ለብስኩት የማቀርበው ምክር ለአንዳንዱ አንባቢ ያልተሟላ ሊመስል ይችላል፤ ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ከማውጣት ይልቅ ሲሶውን ወይም ግማሹን ቀንሶ የጎደለውን ጣፋጭነት በስቴቪያ ጠብታ መሙላት የተሻለ ነው። የቀረው ስኳር መልኩን፣ እርጥበቱንና ቁመቱን ይጠብቃል። ጭራሽ ስኳር መንካት የሌለበት ሰው ኤሪትሪቶል እንደ አካል ሆኖ የገባበትን አሠራር መርጦ፣ ለዚያው የተመጠነውን መከተል አለበት፤ ለስኳር የተጻፈን አሠራር ወደዚያ መለወጥ ዱቄቱንም እንቁላሉንም እንደገና ማመጣጠን ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይመችም። የተፈጨ ሙዝ ወይም ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም አካልም እርጥበትም ይሰጣል፣ ነገር ግን የራሱን ስኳር ይዞ ይመጣል።

በእርሾ የሚነፋ ዳቦ ከስኳሩ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ እርሾው ከዱቄቱ ስታርች በሚለቀቀው ስኳር ሊኖር ስለሚችል ሊጡ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይነሣል። ካራሜል በኃይለኛ አጣፋጭ አይሠራም። ማርማላታ የሚያዘጋጅ ሰው ለአነስተኛ ስኳር የተሠራ ፔክቲን (ማርማላታውን የሚያረጋ ነገር) መጠቀምና የተዘጋጀውን በማቀዝቀዣ አኑሮ በአጭር ጊዜ መጨረስ ይኖርበታል፤ በመደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆያል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው።

ስለ ጤና የሚታወቀው

በእያንዳንዱ አጣፋጭ ላይ በሕይወት ዘመን ሁሉ በየቀኑ ቢወሰድ ጉዳት አያመጣም ተብሎ የሚታሰብ መጠን በሰውነት ክብደት ተለክቶ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ ለአስፓርቴም በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም፣ ለሱክራሎዝና ለአሲሰልፌም ኬ 15፣ ለሳይክላሜት 11፣ ለሳካሪን 5፣ ለስቴቪያ በስቴቪዮል ሲሰላ 4 አድርጎታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሱክራሎዙ ጣሪያ 900 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህ ከመቶ ማንኪያ ስኳር የሚበልጥ ጣፋጭነት ስለሆነ ማንም በተለመደ አጠቃቀም አይደርስበትም። የሳካሪኑ ጣሪያ ግን 300 ሚሊ ግራም ሲሆን ሃያ ማንኪያ ስኳር ከሚተካው መጠን ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ ክብደቱ ዝቅተኛ ለሆነ ልጅ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም።

ስለ ካንሰር የሚነሣውን ሥጋት በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሳካሪን በወንድ አይጦች ፊኛ ላይ ዕጢ ማምጣቱ በመታየቱ በአሜሪካ ለዓመታት ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት ነበር፤ ዕጢው የተፈጠረበት መንገድ ለአይጥ የተለየ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ማስጠንቀቂያው ተነሣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርቴምን ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን መሆኑን የሚናገር እንጂ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ አይደለም። በዚያው ጊዜ የባለሙያዎቹ ኮሚቴ የ40 ሚሊ ግራሙን ጣሪያ ሳይለውጥ አጽንቶታል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ ስኳር አልባ መጠጥ መጠጣት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በደማቸው ውስጥ ብዙ ኤሪትሪቶል የተገኘባቸው ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ይበልጥ እንደተጠቁ የሚያሳይ ጥናት ወጥቷል። ሰውነት ራሱ ኤሪትሪቶል ስለሚሠራ ምክንያቱ የተበላው ነው ለማለት ጥናቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በሙሊት መልክ በብዛት ከሚወስደው ይልቅ ወደ ጠብታው ቢያዘነብል አስተዋይነት ነው።

ክብደት መቀነስን በሚመለከት ተስፋውን መመጠን ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባወጣው መመሪያ ስኳር ያልሆኑ አጣፋጮችን ክብደት ለመቆጣጠር ወይም ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን ለመከላከል ብሎ መጠቀምን አልመከረም። በአጭር ጊዜ የሙከራ ጥናቶች አነስተኛ የክብደት ቅናሽ ቢታይም፣ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን ጥቅሙን አላሳዩም። በእርግጥ አስቀድሞ ክብደት የጨመሩ ሰዎች ወደ እነዚህ አጣፋጮች ስለሚያዘነብሉ ምክንያቱንና ውጤቱን መለየት ያስቸግራል፤ ድርጅቱም ምክሩ ቅድመ ሁኔታ ያለበት መሆኑንና የስኳር ሕመም ያለባቸውን እንደማይመለከት ገልጿል። ከዚህ የምወስደው ነገር፣ አጣፋጩ በስኳሩ ቦታ ሲገባ ይጠቅማል፣ በስኳሩ ላይ ሲጨመር ወይም ለሌላ ምግብ ፈቃድ ሲሆን አይጠቅምም የሚለውን ነው። ጠብታውን በየሳምንቱ በጥቂቱ እየቀነሱ ምላስን ወደ ዝቅተኛ ጣፋጭነት ማስለመድ ደግሞ ጠብታው ራሱ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ ይሰጣል።

ለጥርስ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የአፍ ባክቴሪያ እነዚህን አጣፋጮች ወደ አሲድ አይለውጥም። በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ዴክስትሮዝና ማልቶዴክስትሪን ግን ይለውጣል፤ አሲዳማ መጠጥም ስኳር ባይኖርበት እንኳ የጥርስን ሽፋን ይሸረሽራል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለበት ሰው ፌኒልአላኒንን መፍጨት ስለማይችል አስፓርቴምን ጨርሶ መራቅ አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ምርጫዋን ከሚከታተላት ሐኪም ጋር ብትወስን ይመረጣል፤ ለሕፃናትና ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ከስኳርም ከአጣፋጭም የራቀ ምግብና ውኃ ይበልጣል። በቤት ውስጥ ውሻ ካለ ዛይሊቶል የተባለ ሌላ አጣፋጭ ያለበት ማንኛውም ምርት ከእርሱ ይራቅ፤ ለሰው የማይጎዳው መጠን ውሻን ሊገድል ይችላል።

በኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን በኃይል በሚያወርድ ክኒን የሚታከም ሰው ያለበት ቤት ስኳርን ፈጽሞ ማጥፋት የለበትም። እንዲህ ያለ ሰው ስኳሩ ወርዶ መንቀጥቀጥ፣ ላብና መፍዘዝ ሲመጣበት የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል በፍጥነት የሚሠራ እውነተኛ ስኳር፣ ማለትም በውኃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ በጠብታ የጣፈጠ ሻይም ሆነ ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጥ በዚያ ሰዓት ምንም አያደርግለትም። ሕመምተኛው ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ካልተሻሻለ ይደገምለት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ስለዚህ ቤቱ ወደ ጠብታ ሲዞር አንድ ትንሽ ዕቃ ስኳር ለዚሁ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የት እንዳለም ልጆችን ጨምሮ አብሮ የሚኖር ሁሉ ይወቅ።